ኮፍያቸውን ያቀያየርሁባቸው ፊደሎች

መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ከጠዳ በላይ፣ ከቤታችን

ይህ ቃል ለልጄ ይድረስ።

ልጄ ሆይ፣ ሰውነትህ እንዴት ነው? ያለህበት አገር ሙቀቱ ይከብዳል ይላሉ፤ እንቅልፍ ይሰጥሃል ወይ? ጾሙንስ እንዴት ይዘኸዋል? እኔ ከጉልበቴና ከቀኝ እጄ በቀር ምንም አልል፤ ደጋውንም ቆላውንም የፈጠረ ጌታ ይመስገን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው። የጓሮው ጌሾ ለምቷል። ባልንጀራዬ አስናቀው ጥርሱ ሁሉ አልቆ ሽሮ ብቻ ይውጣል፤ ምላሱ ግን እንዳለ ነው።

ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። ጸሐፊ አልለመንሁም። የምጽፈውም አንተ በላክኸው ኪቦርድ ነው፤ በግራ እጄ፣ በአንዲት ጣት።

መጀመሪያ ያለፈውን ላስረዳህ። የካቲት መጨረሻ ላይ የደረሰህ ያ ዝብርቅርቅ ነገር ደብዳቤ ነበር። አላበድሁም። ለጎረቤታችን ልጅ ለፀደይ «አባዬን ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጂልኝ» ብለህ የጻፍኸውን አንብባልኛለች፤ ሐኪም አያስፈልገኝም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ እነግርሃለሁ። ከዚያ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የነበረውን እንደገና እጽፍልሃለሁ። አንድ ጊዜ የወጣን ነገር ሁለተኛ ማውጣት ይከብዳል፤ ቢሆንም አንተ ሳታውቀው እንዲቀር አልፈልግም።

እናትህን በቀበርን ማግስት፣ በለቅሶው ድንኳን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ድምፅህን ላልሰማ በሚካኤል ስም ማልሁ። እነሆ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። ስትደውል ስልኩን ዘጋሁ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

በጥምቀት ሰሞን ፀደይ የኪቦርዱን ካርቶን ከአዘዞ መናኸሪያ ተቀብላ አመጣችልኝ። የሐረገወይን ልጅ ዛሬ ጠዳ ላይ መምህርት ሆናለች፤ እናቷ ግን አሁንም ከአጥራችን ማዶ ነች። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፀደይ አነበበችልኝ። እኔ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፍህ ደቃቅ ነው። «አባዬ፣ የማልኸው ድምፄን ላትሰማ ነው፤ ደብዳቤ ድምፅ የለውም። እጅህ እስክሪብቶ እንደማይዝልህ ሰምቻለሁ፤ በዚህ ጻፍልኝ» ይላል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ብልሃትህ ደስ አላለኝም። መሐላዬን እንደ አጥር ዞረህ ቀዳዳ የፈለግህበት መሰለኝ። ደግሞ ፀደይ «የጌም ኪቦርድ ነው፣ ውድ ነው» አለችኝ። ያው ያን ጊዜ ጎንደር ፒያሳ ጌም ቤት ተቀምጠህ ስትቀጠቅጠው የነበረው ዓይነት መሆኑ ነው። ከቤቴ የወሰደህን ዕቃ መልሰህ ወደ ቤቴ ላክኸው ብዬ ጎታው ላይ ሰቀልሁት። አንድ ወር እዚያው ከረመ።

ያስከፈተኝ አስናቀው ነው። ሊጠይቀኝ መጥቶ ካርቶኑን አየና ምንድን ነው አለኝ። ልጄ የላከው ነው አልሁት። ምነው ሳትከፍተው አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልሁት። ያ ጥርስ የለሽ ሳቀብኝ። «ጅብ በጦር የገጠመ ሰው ካርቶን ፈራ ብዬ ሰንበቴ ላይ ባወራ ማን ያምነኛል?» አለ። እዚያው ተነሥቼ አወረድሁት፤ በማጭድ ቀደድሁት።

እንግዲህ ዕቃውን እንዴት አገኘው ብለህ ፀደይን ጠይቀሃታልና መልሱን ከእኔ ስማ።

መጀመሪያ የገረመኝ ክብደቱ ነው። የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ ነፋስ የሚወስደው ነው፤ ይህ ግን እንደ መጅ ይከብዳል። ቀጥሎ ተሰብሮ የመጣ መሰለኝ፤ አንድ አልነበረምና። ፊደሉ ለብቻው፣ ቁጥሩ ለብቻው፣ የእጅ መደገፊያው ለብቻው፣ አንዲት የምትሽከረከር ጉጥ ደግሞ ለብቻዋ። ስታቀራርባቸው በማግኔት ተሳስበው ጥርቅም ይላሉ። አስናቀው ጣቱን መሐል ከትቶ ነከሰኝ አለ። እሱ እንኳ ጥርስ አለው አልሁት።

ፀደይ ይህን እንደ ትልቅ ምስጢር ልታስረዳኝ ደከመች። «አያ ዳኛው፣ አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ ነው የሚቀይሩት፤ ሌላው እንዳለ ይኖራል። ቁጥሩን ካልፈለጉት ነቅለው ያስቀምጡታል፣ በግራም በቀኝም ይገጥሙታል» አለችኝ። ሳቅሁባት። ሞፈር ቢሰበር ቀንበር ይጣላል ወይ? ድግር ቢያልቅ ማረሻው ይጣላል ወይ? ይህን የሠራው ሰው አባቱ ገበሬ መሆን አለበት አልኋት። ቁጥሩን ነቅዬ በእናትህ ሳጥን ውስጥ አኖርሁት፤ የምቆጥረው ብዙ ነገር የለኝም።

ቁልፎቹ ግን ሸጋ ናቸው ልጄ። ጣትህን ስታሳርፍባቸው መጀመሪያ እንቢ ይላሉ፤ ጫን ስትል እሺ ይላሉ፣ ቀጭ ብለው ይመልሱልሃል። ፀደይ የትምህርት ቤቱን ኪቦርድ አንድ ቀን አምጥታ አሳይታኛለች፤ የረጠበ ጭቃ ነው፣ ተጫንኸው አልተጫንኸው አታውቅም። የእኔ እጅ እንደምታውቀው ይንቀጠቀጣል። የአንተው ኪቦርድ በመንቀጥቀጥ አይታለልም፤ ከልብህ እስክትጫነው ድረስ ይጠብቅሃል። ጠንካራውን ሆን ብለህ መርጠህ እንዳስገባህበት ፀደይ ነግራኛለች። ይህን ስሰማ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኋቸው።

ከሥር ያለችው ረጅሟ ደግሞ ምንም ስላልተጻፈባት ፊደሏ የተፋቀ መስሎኝ ነበር። ለካ እሷ በቃልና በቃል መካከል ዝም የምትል ናት። ከሁሉ የወደድሁት እሷን ነው። እንዲህ ያለች ነገር በእኔም አፍ ውስጥ ብትኖር ብዙ ነገር በቀረ ነበር።

ነቀፋም አለኝ። መብራቱ እንደ ጥምቀት ጃንጥላ ቀለሙን ሲለዋውጥ ዓይኔን አደከመኝ። ጾም ሲገባ አጥፊው አልኋት፤ አጠፋችው። ደግሞ ሐመሩ ሐንና ንጉሡን ሠ ፊት ለፊት አላገኘኋቸውም። ሌላ ቁልፍ አብረው ተጭነው ነው የሚያወጧቸው አለችኝ። ሐ ምን አጥፍቶ ነው የሚደበቀው? ይህን ለሠሪዎቹ ንገርልኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ። እኔ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠርሁ ሰው ነኝ። በስንደዶ እየጠቆምሁ ሀሁን ጨርሼ፣ አቡጊዳ ላይ ሳለሁ ነው አባቴ የሞተና ለእርሻ የወጣሁት። ፊደል በተራው ሲሆን ዓይኔ ያውቀዋል፤ ከተራው ሲወጣ እንደ ገበያ ሕዝብ ይሆንብኛል። አንተ ቁልፎቹ ላይ የእኛን ፊደል አሳትመህ ልከሃል፤ መልካም። ግን ቅ፣ ው፣ እ፣ ር፣ ት እያለ ይሄዳል። ይህ የማን ተራ ነው? የየኔታ አይደለም። ፀደይ ለሥልጠና ሁለት ሳምንት ማክሰኝት ስትሄድ አሮጌ ስልኳን ትታልኝ፣ ኪቦርዱን በገመድ ሰክታልኝ፣ ስጨርስ የቱን ተጭኜ እንደምልክ አሳይታኝ ነበር። ካርቶኑን ሳገላብጥ አንዲት መንቀያ አገኘሁ፤ እንደ መቆንጠጫ ያለች። ሞከርኋት፤ የአንዱ ቁልፍ ኮፍያ፣ ፊደል ያለበት ክዳኑ፣ ወልቆ መጣ። ለካ መንቀያ የላኩት ሰው እንደሚመቸው እንዲደረድር ነው አልሁ።

ሁሉንም ነቀልኋቸው። በሰፌድ ላይ አሰጣኋቸውና ከላይኛው መስመር ከግራ ጀምሬ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ ብዬ በተራቸው ተከልኋቸው። ሲያምሩ። የኔታ ቢያዩኝ ይመርቁኝ ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ጻፍሁልህ። ዓይኔ ያችን የተሰነጠቀች የስልኳን መስታወት አያነብም፤ ቁልፎቹን ብቻ እያየሁ ነው የጻፍሁት። በሦስተኛው ቀን ላክሁልህ። ወጥቼ ደጅ ተቀመጥሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጀርባዬ ቀለለኝ።

በማግሥቱ ፀደይ ከማክሰኝት እያለከለከች ደረሰች። ከኋላዋ ሐረገወይን ጠበል ይዛ፣ ከእሷ ኋላ አስናቀው ከዘራውን እየጎተተ። ሐረገወይን ምንም ሳትጠይቅ ጠበሉን ፊቴ ላይ ረጨችው፤ ኪቦርዱን እንዳይነካው በደረቴ ከለልሁት። አስናቀው ምላስህን አውጣ አለኝ። አንተ ጥርስህን አሳየኝና አልሁት። ፀደይ «አያ ዳኛው፣ ዛሬ ምን ቀን ነው? እኔ ማን ነኝ?» ስትለኝ ነው የተቆጣሁት። የሐረገወይን ልጅ ነሽ፣ አስተዳደግ የጎደለሽ አልኋት። ጤነኛ ነው አለ አስናቀው።

ከዚያ ኪቦርዱን አየችው። አየችው፣ አየችው፣ መሬት ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሀ ብዬ የተጫንሁት ቅ ሆኖ ነው የሄደልህ፤ ለ ያልሁት ው ሆኖ ነው የሄደልህ። «አያ ዳኛው፣ ኮፍያውን ነው እኮ የቀየሩት፤ ከሥሩ ያለው ራሱ አልተቀየረም» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ሐረገወይንም ጠበሉን አስቀምጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ለምን እንዳልሳቅሁ አሁን ነው የምነግርህ።

እናትህ ያረፈችው ሐሙስ ነው። አንተ ለጌሙ ውድድር ጎንደር የሄድኸው ረቡዕ ነው። እኔ በድንኳኑ ውስጥ ተነሥቼ «እናቱ ስታጣጥር እሱ ይጫወት ነበር» አልሁ። ሰው ሁሉ ሰማ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ወጣህ።

አንተ የማታውቀው ሰኞን ነው። ሰኞ ጧት እናትህ «ጎኔን ወጋኝ፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለችኝ። ጤፉ አውድማ ላይ ነበር። በቁስቋም በኩል ደመና ነበረ። ያለ ወቅቱ ቢዘንብ የዓመቱ እህል ይበሰብሳል ብዬ ፈራሁ፤ ውቂያውን እንጨርስና አልኋት። ማክሰኞም ጠየቀችኝ፤ ነገ አልኋት። ረቡዕ አልጠየቀችኝም። አንተን ግን «እኔ ደህና ነኝ፣ ሂድ፣ አሸንፈህ ና» ስትልህ በሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። ደህና እንዳልሆነች እኔ አውቅ ነበር፤ አንተ አታውቅም ነበር። ዝናቡም አልመጣም።

የራሴን ኮፍያ አንተ ራስ ላይ ደፋሁት ልጄ። ደፋሁትና አራት ዓመት በተራው የተቀመጠ መስሎኝ ኖርሁ። ሰው ሁሉ ኮፍያውን አይቶ አነበበ፤ ከሥሩ ያለው ግን ያው እኔው ነኝ። ፀደይ ስትስቅ ያልሳቅሁት ለዚህ ነው።

ያን ዕለት ሁሉም ሲሄዱልኝ ተነሥቼ ወደ መምሬ ወልደኢየሱስ ሄድሁ። የንስሐ አባታችን መሐላውን ልፍታልህ እያሉ ስንት ጊዜ እንደለመኑኝ ሰምተሃል። እኔ ነበርሁ እንቢ ያልሁት። አሁን ሰኞንና ማክሰኞን ነገርኋቸው፤ ይፍቱኝ አልሁ። «አራት ዓመት ለመንሁህ፤ አሁን ግን እንዲሁ አልፈታህም» አሉኝ። «የማልኸው በሰው ፊት ነው። እውነቱንም በዚያው ሰው ፊት ትናገራለህ።» በስተርጅና ሊያዋርዱኝ ነው? አልሁ። «አዎን» አሉ።

ተቆጥቼ ወጣሁ። ሳምንት ከግማሽ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እሳቸውን እንዳላገኝ በሌላው በር ስገባ ሰነበትሁ። አሰብሁት፤ ሰንበቴው ላይ ተነሥቼ ስናገር አስናቀው ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ፣ ሐረገወይን ነጠላዋን አፏ ላይ እንዴት እንደምታደርግ። በዚህ አገር እኔ የሰው ዳኛ ሆኜ የኖርሁ ነኝ፤ የወሰን ጠብ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ማታ ማታ እዚህ ኪቦርድ ላይ ጣቴን እለማመዳለሁ፤ ፀደይ ወደ ተራቸው መልሳልኛለች፣ አሁን ቅ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ር የት እንዳለ አውቃለሁ። የሰው ተራ ባይሆንም ይለመዳል። እንዲያውም አንድ ነገር አስተዋልሁ። እያንዳንዱን ፊደል ፈልጌ እስካገኘው ድረስ የምለውን ነገር ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አስበዋለሁ። በአፌ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስንት ስድብ ባመለጠኝ ነበር።

ዛሬ ሚካኤል ነው። ለቅዳሴው በእሳቸው በር ገባሁ። መስቀላቸውን ስሳለም እሺ አልኋቸው። ከነገ ወዲያ እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ሲቀመጥ ተነሥቼ እናገራለሁ፤ እሳቸውም እዚያው ይፈቱኛል። አስቀድሞ ግን አንተ እንድታውቅ ፈለግሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው ከቅዳሴ ከተመለስሁ ጀምሮ እዚህ ተጎልቼ የምጽፈው። ፀደይ ከመላኬ በፊት መስታወቱን ታይልኛለች፤ እዚህ ያለውን ስታነብ ምን እንደምትል አላውቅም፤ እሑድ መስማቷ ካልቀረ ትስማ።

ያን ዝብርቅርቅ ደብዳቤ አትሰርዘው። በመጨረሻው ላይ አንድ ቃል ለብቻዋ ተቀምጣለች። እሷን እዚህ አልደግማትም። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅታብኛለች፤ ብያታለሁ፣ ሄዳለች። ፊደሎቹን እንዴት እንደደረደርኋቸው ከላይ ጽፌልሃለሁ። አንተ የጌም ሰው ነህ፣ መፍታት ታውቅበታለህ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አራት ዓመት ሙሉ ከሰው ማንም የጠየቀህ አይመስለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁህም። ያን ረቡዕ ጎንደር ገብተህ፣ እናትህ አሸንፈህ ና ያለችህን፣ አሸንፈህ ነበር ወይ?

መልሱን አትጻፍልኝ። ሰንበቴው ወደ ስድስት ሰዓት ይበተናል። ከዚያ በኋላ የእኔዋ ትንሿ ስልክ በኪሴ ትሆናለች፤ ተከፍታ። እኔ አልደውልም፤ በአገራችን ታናሽ ነው ታላቁን እጅ የሚነሣው።

የጀመርኸውን ያስፈጽምህ። እጅህ የያዘው ይባረክ፤ ክፉ ሰው ክፉ መንገድ አያግኝህ። የእናትህ ጸሎት እንደ ጥላ ይከተልህ። ለትንሣኤው በደህና ያድርስህ፤ ያድርሰን።

አባትህ